የማይታየው ላስቲክ

ዘመድኩን በየጠዋቱ የበርበሬ መጋዘኑን ከመክፈቱ በፊት መኪናውን ይዳስሳል። ከኮፈኑ ይጀምርና መዳፉን ሳያነሳ በቀኝ ጎኗ እስከ ኋላ መብራቷ ይሄዳል፤ በግራ ጎኗ ይመለሳል። ቀይዋ ቪትዝ ወልቂጤ ከገባች ወዲህ አንድም ቀን ሳትዳሰስ አልዋለችም። ከመንገዱ ማዶ የሞባይል ሱቅ ያለው ያረጋል ይህን በየቀኑ ያያል፤ በየቀኑም ይስቃል። ዛሬ ግን ሳይስቅ መንገዱን ተሻገረ። በብብቱ ረጅም የካርቶን ጥቅል ይዟል። እሑድ ሽማግሌዎች ከቡታጅራ አለፍ ብሎ ወዳለ መንደር ሄደው የሚወዳትን ትርሲትን ከአባቷ ከጋሽ በኃይሉ ይጠይቁለታል። ያረጋል በዚህች መኪና እንዲሄዱለት ይፈልጋል፤ ዘመድኩን ደግሞ መኪናዬን ጠጠር ላይ አላወጣም ብሎ ሰንብቷል። ክርክሩ ትናንት ከተቋረጠበት ቀጠለ።

ዘመድኩን፦ አልኩህ እኮ። እስከ ቡታጅራ በደስታ። ከዚያ ወደ መንደሩ ስትታጠፍ ያለውን ጠጠር ግን ይህች መኪና አትረግጠውም።

ያረጋል፦ መኪና እኮ ናት። ጫማ አይደለችም።

ዘመድኩን፦ ጫማማ ብትሆን አውልቄ በእጄ እይዛት ነበር።

ያረጋል፦ ጠጠሩ ምን ያደርጋታል?

ዘመድኩን፦ ከፊት የሚሄደው አይሱዙ በጎማው አንስቶ ይወረውረዋል። ቀለሟ ይፈነቀላል። የጎረቤታችንን የሰማንን መኪና አላየሃትም? ፊቷ ፈንጣጣ የወጣበት ሰው መስሏል። ድሮ ነጭ ነበረች።

ያረጋል፦ እሺ፣ ጠጠሩ ቀለሟን እንዳይነካ ባደርግስ?

ዘመድኩን፦ መንገዱን ልትጠርግ ነው?

ያረጋል፦ መኪናዋን ላለብሳት ነው። [ጥቅሉን ኮፈኑ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ዘመድኩን ፈጥኖ በሁለት እጁ ተቀበለውና መሬት አስቀመጠው።]

ዘመድኩን፦ ምንድን ነው ይሄ?

ያረጋል፦ ፊልም።

ዘመድኩን፦ [ጫፉን በጣቱ እያሸ] ላስቲክ ነው።

ያረጋል፦ ላስቲክ ድንች የሚቋጠርበት ነው። ይህ ፊልም ነው። መኪናዋ ላይ ይለጠፋል፤ ጠጠሩ ሲመጣ እሱን ይመታል፣ ቀለሟን አያገኘውም። ደግሞ አይታይም።

ዘመድኩን፦ አይታይም?

ያረጋል፦ ጭራሽ አይታይም።

ዘመድኩን፦ ካልታየ መኖሩን ሰው በምን ያውቃል?

ያረጋል፦ ሰው ማወቅ የለበትም።

ዘመድኩን፦ እኔስ?

ያረጋል፦ አንተ ሲለጠፍ ታየዋለህ።

ዘመድኩን፦ ነገ ጠዋት ግን አላየውም። በሌሊት አንዱ ልጦ ቢወስድብኝ በምን አውቃለሁ?

ያረጋል፦ ዘመድኩን፣ አየር ይታይሃል?

ዘመድኩን፦ አይታየኝም።

ያረጋል፦ ትተነፍሳለህ?

ዘመድኩን፦ እተነፍሳለሁ። አየሩን ግን አንተ አይደለህም የለጠፍከው።

[ያረጋል የሸሚዙን እጅጌ መሰብሰብ ጀመረ።]

ዘመድኩን፦ ለመሆኑ መኪና ላይ ለጥፈህ ታውቃለህ?

ያረጋል፦ ወልቂጤ ውስጥ ካሉት ስልኮች ግማሹን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከጉብሬ ድረስ በባጃጅ እየመጣ ነው የሚያስለጥፈኝ።

ዘመድኩን፦ መኪናስ?

ያረጋል፦ መኪና ማለት ትልቅ ስልክ ናት።

ዘመድኩን፦ [መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ እያየ] በምን በኩል?

ያረጋል፦ በሁሉም በኩል። ሆዷ ባዶ ከሆነ አትንቀሳቀስም፣ ስትጋጭ ትሰበራለች፣ ሰው ሲዋስህ ታናድዳለች።

ዘመድኩን፦ ሲዋሱማ ታናድዳለች።

[ዓይን ለዓይን ተያዩ። ያረጋል ቀድሞ ዓይኑን መሬት ላይ ወዳለው ጥቅል መለሰ።]

ዘመድኩን፦ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ያንተ ስልክ ለምን ተሰነጠቀ?

ያረጋል፦ የትኛው?

ዘመድኩን፦ ኪስህ ውስጥ ያለው። መስታወቱ የሸረሪት ድር መስሏል።

ያረጋል፦ እሱ ለሥራ ነው። ደንበኛ ሲያመነታ አወጣና አሳየዋለሁ። ያልተለጠፈ ስልክ መጨረሻው ይህ ነው እለዋለሁ።

ዘመድኩን፦ ለዚህ ብለህ ሰበርከው?

ያረጋል፦ ወድቆ ነው። በኋላ ግን ጠቀመኝ።

ዘመድኩን፦ እሺ። ኮፈኗን ትለጥፋለህ፤ ከዚያ በኋላ እናያለን። ግን ስለ እሑዱ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር። ጋሽ በኃይሉ ቤት እኮ ሥርዓቱ...

ያረጋል፦ አውቃለሁ።

ዘመድኩን፦ ምኑን?

ያረጋል፦ ሥርዓቱን። አባቴ ከጎጃም ለመምህርነት መጥቶ እዚሁ ወልቂጤ ነው የወለደኝ። የጉራጌ ሽማግሌ እንዴት እንደሚጠይቅ እኔን ልታስተምረኝ ነው? ቆመው ይጠይቃሉ፤ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም።

ዘመድኩን፦ እሱማ ልክ ነው። ከዚያ በፊት ግን...

ያረጋል፦ ከዚያ በፊት መኪናዋ ማብረቅረቅ አለባት። ያ የአዲስ አበባው ሰው ሽማግሌዎቹን በምን እንደላከ ሰምተሃል?

ዘመድኩን፦ በትልቅ ነጭ መኪና።

ያረጋል፦ እስከ አጥሩ በር ድረስ። ጥሩንባ እየነፉ። ራሷ ትርሲት ናት የነገረችኝ።

ዘመድኩን፦ ከዚያስ ምን ሆነ አለችህ?

ያረጋል፦ ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል አልሠራም። ግን ምን ይቀረዋል? ጋሽ በኃይሉ ያንን መኪና በራቸው ላይ ካዩ በኋላ የእኔ ሽማግሌዎች ፈንጣጣ በወጣባት መኪና ከች ሲሉ ምን ይላሉ?

[ዘመድኩን ሊናገር አፉን ከፈተ። ያረጋል የውሃ መርጫውን አነሳና ኮፈኑ ላይ ውሃ ረጨ።]

ዘመድኩን፦ ውሃ? ስልክ ላይ ውሃ ታደርጋለህ?

ያረጋል፦ ስልክ ላይ አይደረግም።

ዘመድኩን፦ መኪና ትልቅ ስልክ ናት አልክ።

ያረጋል፦ ውሃ የማትፈራ ትልቅ ስልክ ናት። ሳሙና ያለበት ውሃ ነው፤ ፊልሙ እንዲንሸራተትና ቦታውን እንዲይዝ። ና፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ። ጥፍርህን አርቅ።

[ፊልሙን ዘርግተው ለሁለት ያዙት። ያረጋል ከጀርባው ያለውን ወረቀት በጥርሱ ይዞ ላጠው።]

ዘመድኩን፦ አልጋ ልብስ የምናነጥፍ መሰለ።

ያረጋል፦ አትሳቅ። ከሳቅህ ይንቀጠቀጣል። አሁን ቀስ አድርገን... ቀስ... [ነፋስ ከመጋዘኑ በር በኩል መጣ። በበሩ አጠገብ የተደረደሩት ጆንያዎች የመስቃን በርበሬ ናቸው።] ቀስ... ቀ...

[ያረጋል አስነጠሰ። የእሱ በኩል ያለው የፊልሙ ጫፍ ተሸበሸበ። ዘመድኩን ያደገበት ሽታ ስለሆነ ምንም አልሆነም።]

ዘመድኩን፦ ይማርህ።

ያረጋል፦ በሩን ዝጋው።

ዘመድኩን፦ ብዘጋው ሰዉ ባለቤቱ የለም ብሎ ይሄዳል።

ያረጋል፦ እንግዲያው ነፋሱን ዝጋው።

[እንደገና ዘረጉ። ያረጋል ትንፋሹን ይዞ አሳረፈው። ከዚያ ከኪሱ አሮጌ የኤቲኤም ካርድ አውጥቶ ውሃውን ከመሃል ወደ ዳር እየገፋ ማስወጣት ጀመረ። ዘመድኩን አጎንብሶ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይከተላል።]

ዘመድኩን፦ ይህች ያበጠችው ምንድን ናት?

ያረጋል፦ አየር።

ዘመድኩን፦ አየር አይታይም አላልክም?

ያረጋል፦ ፊልም ስር ሲገባ ይታያል።

ዘመድኩን፦ የማይታየው የማይታየው ስር ሲገባ ይታያል ማለት ነው።

ያረጋል፦ [በካርዱ እየገፋ] ወጣች። አየህ? ሙያ ነው።

ዘመድኩን፦ ትርሲት ስልኳን ልታስለጥፍ ስትመጣም አየር ታስገባባት ነበር።

ያረጋል፦ ማን አለህ?

ዘመድኩን፦ ከዚህ ሆኜ አይ ነበር። አንድ ስልክ ስንት ጊዜ ይለጠፋል? በሳምንት በሳምንቱ ከጉብሬ ትመጣለች፣ አንተም በሳምንት በሳምንቱ በካርድ ትገፋለህ።

ያረጋል፦ የሷ ስልክ ዳሩ ጎባጣ ነው። አስቸጋሪ ነው።

ዘመድኩን፦ የደንበኛህ የሀቢቡም ስልክ ያው ዓይነት ነው። እሱን በአንድ ቀን ጨርሰህ ሸኘኸው።

[የያረጋል ጆሮ ቀላ። ካርዱን ይዞ ወደ ኮፈኑ ጥግ ሄደ።]

ዘመድኩን፦ ይህችስ አየር ናት?

ያረጋል፦ የቷ?

ዘመድኩን፦ ይህች ብጫ ነገር።

[ሁለቱም አጎነበሱ። ከፊልሙ ስር፣ ከኮፈኑ መሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ አንዲት የበርበሬ ፍሬ ተኝታለች። ያረጋል በካርዱ ገፋት። አልሄደችም።]

ዘመድኩን፦ ስታስነጥስ ነው የገባችው።

ያረጋል፦ እንድትቀር ነው የተውኳት።

ዘመድኩን፦ ለምን?

ያረጋል፦ ካልታየ መኖሩን በምን አውቃለሁ አላልክም? ጠዋት ስትዳስሳት እሷን ፈልግ። ካለች ፊልሙ አለ ማለት ነው።

ዘመድኩን፦ [ወደ ፍሬዋ ተጠግቶ እያየ] ይህ ጥሩ ነው። ይህን አልጠበቅኩም።

ያረጋል፦ ደግሞ ፊልሙ ቢጫር ራሱ ይድናል።

ዘመድኩን፦ ማን ያክመዋል?

ያረጋል፦ ፀሐይ። ፀሐይ ላይ ታቆማታለህ፤ ሙቀቱ ጭረቱን ይመልሰዋል።

ዘመድኩን፦ እኔ እስከ ዛሬ ፀሐይ እንዳያገኛት ጥላ ስፈልግላት ኖሬ።

ያረጋል፦ ከዛሬ ጀምሮ ታሞቃታለህ።

ዘመድኩን፦ እንደ አራስ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት?

ያረጋል፦ ዘይት መቀባት አያስፈልግም። [ካርዱን ኪሱ ከተተ።] በቃ፤ ኮፈኗ አልቋል። እሑድ ጠጠሩ ላይ ትወጣለች።

ዘመድኩን፦ [ከመኪናዋ ፊት ቁጢጥ ብሎ] ጠጠር ግን ኮፈን ብቻ ነው የሚያውቀው?

ያረጋል፦ ምን ማለትህ ነው?

ዘመድኩን፦ ከመሬት ነው የሚነሳው። ከኮፈኑ በፊት የሚያገኘው ፓራውልቱን ነው።

[ያረጋል ፓራውልቱን አየ፤ ጥቅሉን አየ፤ አዲስ ቁራጭ ዘረጋ። በምላጭ ሊቆርጥ ሲል ዘመድኩን ከመኪናዋ አርቆ መንገዱ ዳር እስኪሄድ ድረስ ሸኘው። ከዚያ መልሶ አመጣው። ፓራውልቱ ተለጠፈ።]

ዘመድኩን፦ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትቆጣ።

ያረጋል፦ ጠይቅ።

ዘመድኩን፦ የጎን መስታወቶቹ፣ ስፖኪዮዎቹ፣ ጆሮ ናቸው። ፊቱን ሸፍነህ ጆሮውን በብርድ የምትተወው ልጅ አለ?

ያረጋል፦ ስፖኪዮ ክብ ነው። ፊልሙ ይጨማደዳል።

ዘመድኩን፦ እንግዲያው አትችልም ማለት ነው።

ያረጋል፦ ማን ነው አልችልም ያለው?

[ያረጋል ወደ ጎረቤት፣ ወደ ሰርካለም ፀጉር ቤት ገባና የፀጉር ማድረቂያ ተውሶ መጣ። ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ከመጋዘኑ ተሳበ። አንዲት ደንበኛ ፀጉሯን ግማሽ አሠርታ በር ላይ ወጥታ ታያቸው ጀመር። ያረጋል በሞቃት ንፋስ ፊልሙን እያለሰለሰ የስፖኪዮውን ቅርጽ አስያዘው።]

ዘመድኩን፦ እውነት ለመናገር ይህን ያህል አልጠበቅኩህም።

ያረጋል፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ይህን ጥቅል ለሰርግ መኪኖች ብዬ ነበር ያመጣሁት። ሱቁ በር ላይ ለጠፍኩት፣ ማስታወቂያ ጻፍኩ። የመጣ ሰው የለም። ሁሉም የሚታይ ነገር ነው የሚፈልገው፤ አበባ፣ ሪባን። መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ ከረመ።

ዘመድኩን፦ አሁን እዚህ ላይ ልትጨርሰው ነው።

ያረጋል፦ ለሷ ከሆነ ይለቅ። ዘመድኩን፣ እኔ ስለ ሌላ ነገር ሁሉ ብዙ አወራለሁ። ስለሷ ግን ከአንተ በቀር ለማንም አውርቼ አላውቅም። እሑድ ጋሽ በኃይሉ እምቢ ካሉ ሌላ የምሞክረው ነገር የለኝም።

[ዘመድኩን የፀጉር ማድረቂያውን ገመድ በእጁ ላይ ጠመጠመ፤ መልሶ ፈታው። ነገሩ የከበደው ይመስላል።]

ዘመድኩን፦ ስማ፣ ያረጋል። እውነቱን ልንገርህ። ጋሽ በኃይሉ እኮ መኪና...

ያረጋል፦ ጣትህን አንሳ።

ዘመድኩን፦ እ?

ያረጋል፦ ጣትህን ከፊልሙ ላይ አንሳ። ገና አልደረቀም። አሻራህ ይቀርበታል።

[ዘመድኩን ጣቱን አነሳ።]

ዘመድኩን፦ እኔና እሳቸው የአንድ መንደር ሰዎች ነን። የሚወዱትንና የሚጠሉትን አውቃለሁ። ሽማግሌ ሲመጣባቸው...

[ነፋሱ እንደገና ከመጋዘኑ መጣ። ያረጋል አስነጠሰ፤ ደግሞ አስነጠሰ፤ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ወደ መኪናዋ ማዶ ዞረ።]

ያረጋል፦ በእግዚአብሔር አሁን አታውራኝ። ይህ ሥራ ሐሳብ ይፈልጋል። በሮቹስ? የበሮቹ የታችኛው ክፍል ከጎማው የሚፈናጠረው ጠጠር ያገኘዋል አይደል?

[ዘመድኩን በሮቹን አየ። ቀይ ቀለማቸው በጠዋቱ ፀሐይ ያበራል። ከዚያ ጥቅሉን አየ። ገና ወፍራም ነው።]

ዘመድኩን፦ ያገኘዋል።

ያረጋል፦ አየህ? አንተ አላሰብከውም።

ዘመድኩን፦ እኔ የት አስቤው።

[በሮቹ ተለጠፉ። ከበሮቹ በኋላ ጎማዎቹን የሚከልሉት ፓራፋንጎዎች ተለጠፉ። የፀጉር ቤቷ ደንበኛ ፀጉሯን ልታስጨርስ ገባች። ያረጋል ወገቡን ይዞ ቀና አለ።]

ያረጋል፦ በቃ። ከኋላ ጠጠር አይመጣም።

ዘመድኩን፦ እንደ ሁኔታው ነው።

ያረጋል፦ የምን ሁኔታ?

ዘመድኩን፦ ጋሽ በኃይሉ እሺ ካሉ በክብር እንሸኛለን። እምቢ ካሉ ግን የመንደሩ ልጆች ስንመለስ ዝም ብለው አይቀመጡም። እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲያ አድርጌአለሁ። የቅዳሜ ገበያተኛ መኪና ነበር፣ የኋላ በሩን ነው በድንጋይ ያገኘሁት።

ያረጋል፦ እምቢ አይሉም።

ዘመድኩን፦ አይሉም። እንዳይሉ እየጸለይኩ ነው። ጸሎት ግን ድንጋይ አይመልስም፤ ፊልም ነው የሚመልሰው። አንተ ነህ ያልከው።

[ያረጋል የቀረውን ዘረጋ። የኋላ በሩ ተለጠፈ። ጥቅሉ ውስጥ የቀረው ባዶ ካርቶን ነው። ሁለቱም ትንሽ ወደኋላ ራቅ ብለው ቆሙ። መኪናዋ ውሃ ውስጥ የገባች ጌጥ መስላለች። ያረጋል ከመንገዱ ዳር አንድ ጠጠር አነሳ።]

ዘመድኩን፦ ጣለው።

ያረጋል፦ ካልሞከርነው በምን እናምናለን?

ዘመድኩን፦ እኔ አምኛለሁ።

ያረጋል፦ አንተ? መቼ ነው ያመንከኝ?

ዘመድኩን፦ ስፖኪዮው ላይ። ጣለው።

ያረጋል፦ [ጠጠሩን ጣለ] እንግዲያው ቃልህን ስጠኝ። እሑድ ጠጠሩ ላይ ትነዳታለህ?

ዘመድኩን፦ ሽማግሌዎቹ ንዳ ካሉኝ እነዳለሁ። ቃሌ ነው።

ያረጋል፦ ሽማግሌዎቹማ ይላሉ። በእግሬ ልሂድ የሚል ሽማግሌ የት አለ?

[እጅ ለእጅ ተመታቱ። በዚሁ ጊዜ ጋሽ ሸረፋ ከጫማ ሰፊው በኩል ቀስ እያሉ መጡ። ከእሑዱ ሽማግሌዎች ዋናው እሳቸው ናቸው። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ጫማ ይዘዋል።]

ጋሽ ሸረፋ፦ አሰላሙ ዓለይኩም፣ ልጆች።

ዘመድኩን፦ ወዓለይኩም ሰላም፣ ጋሼ። ጫማው ደረሰልዎት?

ጋሽ ሸረፋ፦ ሶሉን አስቀየርኩት። ያ ጠጠር ስስ ሶል አይምርም።

ያረጋል፦ የቱ ጠጠር፣ ጋሽ ሸረፋ?

ጋሽ ሸረፋ፦ የእሑዱ ነዋ። ከአስፋልቱ እስከ በኃይሉ ደጃፍ ያለው።

ያረጋል፦ እሱንማ በመኪና ነው የሚሄዱት። ይኸው መኪናዋ። ሙሉ ለሙሉ ለብሳለች።

ጋሽ ሸረፋ፦ [መኪናዋን እያዩ] ምን ለብሳለች? ምንም አይታየኝም።

ዘመድኩን፦ አይታይም፣ ጋሼ። ፍሬዋን ይፈልጉ፤ ከመሃል ወደ ግራ።

ጋሽ ሸረፋ፦ ይሁን፣ ያማረች ናት። ግን አንተ ልጅ፣ በኃይሉ ቤት በመኪና ይገባል እንዴ? የእሱ አባትም እንዲሁ ነበሩ። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ አስፋልቱ ላይ ወርዶ በእግሩ ነው የሚገባው። በኃይሉ ገና ከሩቅ ጫማ ነው የሚያየው። አቧራ የሌለበትን ጫማ ምን ጉዳይ አለህ ብሎ አይጠይቅም።

ያረጋል፦ የአዲስ አበባው ሰው ሽማግሌዎች እኮ እስከ በሩ ገብተዋል።

ጋሽ ሸረፋ፦ ገብተዋል። ጥሩንባም ነፍተዋል። በኃይሉ ወጥቶ ምን አላቸው መሰለህ? ጭነቱን እዚህ አታራግፉ፣ ገበያው ቡታጅራ ነው አላቸው። ከመኪናም ሳይወርዱ ተመለሱ።

[ያረጋል ፊት ላይ ሁለት ነገር ተጣላ፤ ደስታውና የጥቅሉ ቁጭት።]

ያረጋል፦ ይህን... ጋሽ ሸረፋ፣ ይህን ማን ነገረዎት?

ጋሽ ሸረፋ፦ ይኸው አጠገብህ ያለው። የዚያ አገር ልጅ አይደለም? ባለፈው ሳምንት ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ጋሼ ሶሉን ያስቀይሩ፣ ለወንድሜ ነገር አደራ አለኝ። እንዲህ ያለ ጓደኛ አያሳጣህ። በሉ፣ እሑድ በጊዜ እንገናኝ።

[ጋሽ ሸረፋ ሄዱ። ያረጋል መንገዱ ላይ የጣለውን ጠጠር በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገ።]

ያረጋል፦ ታውቅ ነበር።

ዘመድኩን፦ አውቅ ነበር።

ያረጋል፦ መኪናዋ ጠጠሩን እንደማትረግጥ።

ዘመድኩን፦ አትረግጥም አልኩህ እኮ። የመጀመሪያው ነገሬ እሱ ነው።

ያረጋል፦ ምክንያቱን ለምን አልነገርከኝም?

ዘመድኩን፦ ጀመርኩ። አውቃለሁ አልከኝ። ደግሞ ጀመርኩ፤ ጣትህን አንሳ አልከኝ። ሦስተኛ ስጀምር አስነጠስክ።

ያረጋል፦ ከዚያ በኋላስ?

ዘመድኩን፦ ከዚያ በኋላ በሮቹ ላይ ደርሰህ ነበር። ሐሳብ የሚፈልግ ሥራ ላይ ያለ ሰው ማቋረጥ ደግ አይደለም።

[ያረጋል መኪናዋን ዞረ። ኮፈኑን አየ፣ ስፖኪዮዎቹን አየ፣ በሮቹን አየ፣ የኋላ በሩን አየ። የኋላ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።]

ያረጋል፦ ድንጋይ የሚወረውሩት ልጆችስ?

ዘመድኩን፦ እነሱ እውነት ናቸው። አሁን ግን አድገዋል። አንዱ በርበሬ ይሸጣል።

[ያረጋል ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። ዘመድኩንም አብሮት ሳቀ። ያረጋል ባዶውን ካርቶን አንስቶ በአንድ ዓይኑ በውስጡ አየ።]

ያረጋል፦ ምንም አልተረፈም።

ዘመድኩን፦ ምንም። ትንሽ ቢተርፍ ለስልክህ ይሆን ነበር።

ያረጋል፦ እሺ፣ ይሁን። እሑድ እነሱ በእግር ሲገቡ እኔ የት ነው የምሆነው?

ዘመድኩን፦ አስፋልቱ ላይ። መኪናዋን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ጋሽ ሸረፋን መንገዱን ላሳይ አብሬ እገባለሁ፤ የጫማዬንም ሶል አስቀይሬአለሁ።

[ዘመድኩን ከመጋዘኑ ንጹሕ ጨርቅ አምጥቶ ሰጠው። ያረጋል ተቀበለና ኮፈኑ ላይ የቀረውን የሳሙና ውሃ ማድረቅ ጀመረ፤ የበርበሬዋ ፍሬ ጋ ሲደርስ በቀስታ ዞራት። እሑድ ገና ሳይነጋ ይነሳሉ።]